የመሣሪያው ስምና የመሣሪያው እውነት፦ በሁለት የላቦራቶሪ መመሪያዎች ላይ የቀረበ ሂስ

በጤና ተቋም ውስጥ ከሚሰጡት ውሳኔዎች ብዙዎቹ የሚያርፉት ከላቦራቶሪ በምትወጣ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ነው። ሐኪሙ፣ የጤና መኮንኑ ወይም ነርሷ ወረቀቷን ሲያነብ ከጀርባዋ ያለውን ማይክሮስኮፕ፣ ሴንትሪፊውጅ ወይም ፒፔት አያይም፤ የሚያየው ቁጥሩን ወይም «አልታየም» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። መሣሪያው እውነት ከተናገረ በሽተኛው ተገቢውን ሕክምና ያገኛል፤ መሣሪያው ከዋሸ ግን የሐኪሙ ዕውቀት ምንም ያህል የላቀ ቢሆን ውሳኔው ከስሕተት አይድንም። በመሆኑም ስለ ላቦራቶሪ መሣሪያዎች የተጻፉ መመሪያዎች ለላቦራቶሪ ባለሙያው ብቻ የሚተው ጽሑፎች አይደሉም፤ የጤና ባለሙያ ሁሉ በጥንቃቄ ሊመረምራቸው ይገባል።

ለዚህ ምርመራ ሁለት መጻሕፍት ተመርጠዋል። አንደኛው የዓለም ጤና ድርጅት በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1980፣ ለሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ተሻሽሎ በ2003 ያሳተመው «የጤና ላቦራቶሪ መሠረታዊ ዘዴዎች መመሪያ» ነው። ሁለተኛው ሞኒካ ቺዝብራ የጻፉትና ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በሁለት ክፍል ያሳተመው «በሞቃታማ አገሮች የወረዳ ላቦራቶሪ አሠራር» ሲሆን ሁለተኛ እትሙ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 ወጥቷል። ሁለቱም የተጻፉት ሀብት ውስን በሆነበት፣ መብራትና ውኃ በሚቆራረጥበት፣ ጥገና ሩቅ በሆነበት ሥፍራ ለሚሠራ ባለሙያ ነው። ሁለቱም ምስጋና ይገባቸዋል፤ ሁለቱም ግን ሊነገርላቸው ብቻ ሳይሆን ሊነገርባቸውም የሚገባ ነገር አለ።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ጥንካሬ

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ዋነኛ በጎነት ትሕትናው ነው። መጽሐፉ አንባቢው በተሟላ ላቦራቶሪ ውስጥ እንደተቀመጠ አድርጎ አይነሣም። ላቦራቶሪውን ከማቋቋም ይጀምራል፤ ስለ ኤሌክትሪክ አቅርቦት ያስረዳል፤ የቧንቧ ቀላል ብልሽት እንዴት እንደሚጠገን በሥዕል ያሳያል፤ በላቦራቶሪው ውስጥ በእጅ ሊሠሩ የሚችሉ የመስታወት ዕቃዎችን አሠራር ሳይቀር ያስተምራል። ምርምራውን የሚያካሂደውም ቧንቧውን የሚጠግነውም አንድ ሰው በሆነበት ጤና ጣቢያ ይህ አቀራረብ ከሊቅነት ማሳያ ይልቅ ለአንባቢ ማሰብን ያመለክታል።

ስለ ማይክሮስኮፕ የሚሰጠው ትምህርትም ለአስተማሪ ሁሉ አርአያ ሊሆን ይችላል። መሣሪያውን እንደ ብዙ ቁርጥራጮች ዝርዝር ሳይሆን በሥራ ከፋፍሎ ያቀርበዋል፦ የሚሸከመው ክፍል፣ የሚያጎላው ክፍል፣ ብርሃን የሚሰጠው ክፍልና የሚያስተካክለው ክፍል። ተማሪው ይህን አከፋፈል ከያዘ የማንኛውም ፋብሪካ ማይክሮስኮፕ ቢቀርብለት አይደናገጥም፤ የቁልፎቹ ቦታ ቢለዋወጥም ሥራቸው አይለወጥምና። ሥዕሎቹ በመስመር ብቻ የተሣሉ፣ ጥርት ያሉና ከጽሑፉ ጋር እየተጓዙ የሚያስረዱ ናቸው።

የሁለተኛው መጽሐፍ ጥንካሬ

የቺዝብራ መጽሐፍ ከዚህ የሰፋ ዓላማ አለው። የምዕራፎቹ ቅደም ተከተል ራሱ አቋም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መጀመሪያ የወረዳ ላቦራቶሪ አደረጃጀትና የሰው ኃይል፣ ቀጥሎ አጠቃላይ የጥራት አመራር፣ ከዚያም የደኅንነት ጥበቃ ይቀርባሉ፤ የመሣሪያዎች ምዕራፍ የሚመጣው በአራተኛ ደረጃ ነው። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ሥርዓት ሳይኖር መሣሪያ መግዛት ጎተራ ሳይሠሩ እህል እንደ መሰብሰብ ነው።

ከዚህም በላይ መጽሐፉ ስለ እያንዳንዱ ምርመራ ሲያስረዳ ምርመራው ለሕክምና ያለውን ጠቀሜታና የውጤቱን አተረጓጎም ይጨምራል። በዚህም የላቦራቶሪው ባለሙያ የሚሠራው ለወረቀት ሳይሆን ለበሽተኛ መሆኑን ያስታውሰዋል። ይህ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ይልቅ የሚበልጥበት ነጥብ ነው።

በአንጻሩ ስፋቱ ሸክምም ሆኖበታል። ሁለቱ ክፍሎች በአንድነት ሲታዩ በሥራ ጠረጴዛ አጠገብ ገለጥ አድርጎ ለማየት የሚያመቹ አይደሉም። የተወሰኑ አምራቾችን ሞዴሎችና የአቅራቢዎችን አድራሻ በብዛት ማስገባቱም በታተመበት ጊዜ ትልቅ አገልግሎት ቢሰጥም፣ የመጽሐፉ ቶሎ የሚያረጅ ክፍል ሆኗል። ሞዴል ከገበያ ይወጣል፤ የመሣሪያው አሠራር መርሕ ግን ይኖራል።

ሁለቱም የሚጋሩት ጉድለት

ከዚህ በላይ የተጠቀሱት ነጥቦች የአቀራረብ ናቸው። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ሁለቱም መጻሕፍት መሣሪያውን በአንድ ሥፍራ፣ የጥራት ማረጋገጫን በሌላ ሥፍራ፣ ምርመራውን ደግሞ በሦስተኛ ሥፍራ ያስቀምጣሉ። ስለ መሣሪያው የሚሰጡት ማስጠንቀቂያዎችም በአመዛኙ መሣሪያው እንዳይበላሽና ሠራተኛው እንዳይጎዳ የሚጠብቁ ናቸው። መሣሪያው ሳይሰበር፣ ሠራተኛውም ሳይጎዳ ውጤቱ ብቻ እንዴት ሊበላሽ እንደሚችል ለማወቅ አንባቢው ሦስቱን ሥፍራዎች ራሱ ማገናኘት አለበት። ልምድ ያለው ባለሙያ ያገናኛል፤ ጀማሪው ግን አያገናኝም። በየማሠልጠኛው ግድግዳ ላይ «ማይክሮስኮፕ፦ ረቂቅ ነገሮችን አጉልቶ ለማየት፤ ሴንትሪፊውጅ፦ ፈሳሽን ከዝቃጭ ለመለየት፤ ኦቶክሌቭ፦ ተሐዋስያንን ለመግደል» የሚሉ ሠንጠረዦች የሚለጠፉትም ከዚህ ዓይነቱ አከፋፈል በመነሣት ነው። ሠንጠረዡ ሐሰት አይናገርም፤ የሚናገረው ግን እውነቱን በግማሽ ነው። የቀረው ግማሽ ምን ያህል ክብደት እንዳለው በአራት የተለመዱ መሣሪያዎች ማሳየት ይቻላል።

ማይክሮስኮፕ

ማይክሮስኮፕ አጉልቶ ያሳያል፤ ነገር ግን ማጉላትና ማሳየት አንድ አይደሉም። ያልተቀለመ የሰገራ ናሙና በሚታይበት ጊዜ ኮንደንሰሩ ከፍ ብሎ፣ የብርሃን መቆጣጠሪያውም በሰፊው ተከፍቶ ከቀረ ብርሃኑ ሜዳውን ያጥለቀልቀዋል፤ የጃርዲያና የአሜባ ቅርጾች በሌንሱ ሥር እያሉ ከዓይን ይሰወራሉ። በተቃራኒው በዘይት የሚሠራው 100 እጥፍ ሌንስ ሙሉ ብርሃን ይሻል። አንድ ዓይነት መሣሪያ፣ አንድ ዓይነት ናሙና፣ አንድ ቁልፍ ባለመዞሩ ብቻ ሁለት የተለያየ ውጤት ይሰጣል።

የአክታ ምርመራ ጉዳይ ከዚህም የጠለቀ ነው። በዚል ኒልሰን ዘዴ ተቀልሞ በማይክሮስኮፕ የቲቢ ባሲል እንዲታይ በአንድ ሚሊሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ባሲል መኖር እንዳለበት ይገመታል። ስለዚህ «አልታየም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። ለወባ ምርመራም ወፍራሙ የደም ቅብ «ነጻ» ከመባሉ በፊት ቢያንስ 100 ሜዳ መታየት አለበት። ረጅም የበሽተኛ ሰልፍ ባለበት ቀን የሚቀነሰው ማይክሮስኮፑ ሳይሆን የሚታየው የሜዳ ቁጥር ነው። ወረቀቱ ግን በሁለቱም ቀን አንድ ዓይነት ቃል ይዞ ይወጣል።

ሴንትሪፊውጅ

በብዙ የአሠራር ማስታወሻዎች ላይ «በደቂቃ 3,000 ዙር ለ5 ደቂቃ» የሚል ትእዛዝ ይነበባል። ናሙናውን የሚለየው ግን የዙሩ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከዙሩና ከክንዱ ርዝመት በአንድነት የሚገኘው ኃይል ነው። ይህ ኃይል የሚሰላው የዙሩን ቁጥር በራሱ አባዝቶ፣ በሴንቲሜትር በተለካው የክንድ ርዝመትና በ0.00001118 በማባዛት ነው። ክንዱ 15 ሴንቲሜትር በሆነ ሴንትሪፊውጅ 3,000 ዙር ከመሬት ስበት ወደ 1,500 እጥፍ የሚጠጋ ኃይል ይሰጣል፤ ክንዱ 10 ሴንቲሜትር በሆነው ግን ኃይሉ 1,000 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። ለሽንት ዝቃጭ ምርመራ የሚፈለገው ኃይል ደግሞ 400 እጥፍ አካባቢ ነው። ከሚገባው በላይ የተሽከረከረ ሽንት ውስጥ በቀላሉ የሚሰባበሩት የኩላሊት ቱቦ ቅርጾች ሊጠፉ ይችላሉ። ስለሆነም መሣሪያ ሲቀየር የዙሩ ቁጥር እንዳለ መወሰዱ ትእዛዙን መጠበቅ ይመስላል እንጂ ትእዛዙን መለወጥ ነው።

ኦቶክሌቭ

ከአራቱ ሁሉ ከአገራችን መልክዓ ምድር ጋር በጥብቅ የተቆራኘው ኦቶክሌቭ ነው። «በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በስኩዌር ኢንች 15 ፓውንድ ግፊት፣ ለ15 ደቂቃ» የሚለው ቀመር በቃል የማያውቀው ባለሙያ የለም። ቀመሩ ግን የባሕር ወለል ቀመር ነው። የግፊት መለኪያው የሚያሳየው በእንፋሎቱና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ሲሆን፣ የእንፋሎቱን ሙቀት የሚወስነው ግን አጠቃላዩ ግፊት ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው በአዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚህ ከፍታ መለኪያው 15 ፓውንድ ሲያሳይ በውስጥ ያለው እንፋሎት የሚደርሰው ወደ 117 ዲግሪ ብቻ ነው። 121 ዲግሪ ለመድረስ የመለኪያው ንባብ ወደ 19 ፓውንድ ሊጠጋ ይገባል፤ ይህም መሣሪያው ያን ግፊት እንዲሸከም የተሠራ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ካልሆነ ጊዜውን በአምራቹ መመሪያ መሠረት ማራዘም ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ መሣሪያው አልተበላሸም፤ ባለሙያውም ትእዛዝ አልጣሰም። ቀለሙ የሚለወጠው ጠቋሚ ፕላስተርም ጥቅሉ በሙቀት ውስጥ ማለፉን እንጂ መምከኑን አያረጋግጥም። የሙቀት መለኪያ ማንበብና በየጊዜው በባክቴሪያ ስፖር መፈተን ያስፈለገውም ለዚህ ነው። በደጋ ከተሞች ለሚሠራ ተቋም ይህ ዕውቀት በግርጌ ማስታወሻ የሚቀመጥ ሳይሆን በመሣሪያው በር ላይ ሊጻፍ የሚገባው ነው።

ፒፔትና የሄሞግሎቢን መለኪያ

ፒፔት ከሁሉ የቀለለ መሣሪያ ይመስላል። ሆኖም በአፍ በመሳብ ምክንያት የደረሰው የመጀመሪያው የላቦራቶሪ ኢንፌክሽን ተብሎ በታሪክ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1893 ሲሆን፣ አንድ ሐኪም የታይፎይድ ተሐዋስያን የያዘ ፈሳሽ በስሕተት ወደ አፉ ስቦ ነበር። በአፍ መሳብ በደኅንነት መመሪያዎች ሁሉ የተከለከለ ነው፤ የጎማ መምጠጫ ያላቀረበ ኃላፊ ግን ክልከላውን በግድግዳ ላይ ብቻ እንዳስቀረው ሊያውቅ ይገባል።

ሌላው የፒፔት ጉዳይ ልኬት ነው። ለረጅም ዘመን በጤና ጣቢያዎች ያገለገለው የሳህሊ ዘዴ በ20 ማይክሮሊትር ደም ይጀምራል። በፒፔቱ ውጭ ተለጥፎ የሚቀር ደም ካልተጠረገ ወደ ቱቦው ይጨመርና ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል፤ የአየር አረፋ ከገባ ደግሞ ውጤቱ ይወርዳል። ደሙ ከአሲዱ ጋር 10 ደቂቃ ያህል ሳይቆይ ከተነበበ ቀለሙ አልጨረሰም። የማነጻጸሪያው መስታወት ቀለም ከዕድሜ ጋር ከደበዘዘም ንባቡ ከደሙ ጋር ሳይሆን ከመስታወቱ ዕድሜ ጋር ይሄዳል። የጨቅላ ሕፃናት ሄሞግሎቢን ደግሞ በአሲዱ በደንብ ስለማይለወጥ ዘዴው ለእነርሱ አይታመንም። ሁሉም ሲደመር ለነፍሰ ጡር እናት ደም ይሰጥ አይሰጥ በሚል ውሳኔ ላይ የሚያርፍ ስሕተት ነው። በኮሎሪሜትር በ540 ናኖሜትር የሚነበበው የሳያንሜትሄሞግሎቢን ዘዴ የዓይንን ግምት ያስቀራል፤ ፒፔቱ የሚፈጥረውን ስሕተት ግን አያስቀርም።

መጻሕፍቱ ያላናገሩት አንባቢ

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንዲሉ፣ መሣሪያ የሚበላሸው ባብዛኛው ከአያያዝ ነው። ይሁን እንጂ አያያዝ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ሁለቱም መጻሕፍት ንግግራቸው በአመዛኙ ከላቦራቶሪ ባለሙያው ጋር ነው። ምርመራውን የሚያዘው ሐኪም፣ በጀቱን የሚፈርመው ሥራ አስኪያጅና ዕርዳታውን የሚቀበለው ኮሚቴ ከገጾቹ ውጭ ቆመው ይቀራሉ። ቺዝብራ ስለ መሣሪያ አመራረጥና ግዥ በመጻፍ ክፍተቱን በከፊል ይሞላሉ፤ ሆኖም ግዥ የሚፈጽሙት ሰዎች ያንን መጽሐፍ አያነቡም።

የዚህ ክፍተት ዋጋ በቁጥር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ፔሪና ማልኪን ያሳተሙት ጥናት በታዳጊ አገሮች የሚገኙ ከ112,000 በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን የቆጠራ መዝገብ መርምሮ 38.3 በመቶ የሚሆኑት ከአገልግሎት ውጭ መሆናቸውን አመልክቷል። ጥናቱ የሕክምና መሣሪያዎችን በጠቅላላ እንጂ የላቦራቶሪን ብቻ አይመለከትም፤ በምክንያትነት ያነሣቸው የሥልጠና ማነስ፣ የመሣሪያ አስተዳደር ድክመትና የመሠረተ ልማት ጉድለት ግን ለላቦራቶሪው እንግዳ አይደሉም። አንድ ማይክሮስኮፕ በአምፑል እጦት፣ አንድ ኦቶክሌቭ በጎማ ማሸጊያ እጦት ሲቆም ጥፋቱ የባለሙያው ነው ማለት አይቻልም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ጥገና መመሪያ ለዚህ ጥሩ ማሟያ ነው። ለየመሣሪያው የጥገና የጊዜ ሰሌዳና የብልሽት መፈለጊያ ሠንጠረዥ ያቀርባልና። የሦስቱ መጻሕፍት ምሥጢር ግን በአንድ ላይ ሲነበቡ ነው የሚገለጠው፤ ለየብቻ በተለያየ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጡ ክፍተቱ እንዳለ ይቆያል።

ዘመን የጨመረው ፈተና

የተገመገሙት እትሞች ከወጡ በኋላ የላቦራቶሪው መልክ ተለውጧል። የዓለም ጤና ድርጅት ጂን ኤክስፐርት የተባለውን የቲቢ ምርመራ የደገፈው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 ነው፤ የመጀመሪያውን የመሠረታዊ ምርመራዎች ዝርዝር ያወጣው ደግሞ በ2018 ነው። ባሲሉንና የሪፋምፒሲን መድኃኒት መቋቋምን ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚለይ መሣሪያ በመጻሕፍቱ ውስጥ አለመገኘቱ የጸሐፊዎቹ ጥፋት አይደለም። በአንጻሩ አዲሱ መሣሪያ አሮጌውን ጥያቄ አላስቀረውም። ጂን ኤክስፐርትም የማይቆራረጥ መብራት፣ የተመጠነ የክፍል ሙቀትና በየጊዜው የሚደረግ የልኬት ማስተካከያ ይፈልጋል። እነዚህ ከሌሉ ውድ መሣሪያ ውድ የጠረጴዛ ጌጥ ይሆናል። ስለዚህ መጻሕፍቱ አርጅተዋል ብሎ መጣል ስሕተት ነው፤ ያረጀው የመሣሪያው ዝርዝር እንጂ የጥንቃቄው ትምህርት አይደለም።

የቋንቋ ጉዳይ

አንድ ነገር ይቀራል። በአማርኛ «አጉሊ መነጽር» የሚለው ስም ለእጅ ማጉያውም ለማይክሮስኮፑም ይውላል፤ «ሚዛን» የሚለው ቃልም የገበያውንና የላቦራቶሪውን አይለይም። ስም መጋራቱ ብቻውን ጉዳት የለውም። ጉዳቱ ያለው የአሠራርና የስሕተት ምክንያቶች ማብራሪያ በባዕድ ቋንቋ ተወስኖ ሲቀር ነው። ባለሙያው ትእዛዙን በቃል ይይዛል፤ ምክንያቱን ግን በሚያስብበት ቋንቋ አላገኘውም። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የኦቶክሌቩ መለኪያ ለምን ከፍ ማለት እንዳለበት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ በአንድ ገጽ የተጻፈ ማብራሪያ በየማምከኛ ክፍሉ ቢኖር ከብዙ ሥልጠና የበለጠ ይሠራል።

ማጠቃለያ

በጠቅላላው ሲመዘን የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለጀማሪና ለጤና ጣቢያ፣ የቺዝብራ መጽሐፍ ደግሞ ለአስተማሪ፣ ለሆስፒታል ላቦራቶሪና ለኃላፊ የተሻለ ጥቅም ይሰጣሉ። ሁለቱም በማንኛውም የማሠልጠኛ ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሊገኙ የሚገባቸው ሥራዎች ናቸው። ከእነርሱ በኋላ የሚመጣ መመሪያ ግን ስለ እያንዳንዱ መሣሪያ አራት ጥያቄዎችን በአንድ ገጽ ላይ ሊመልስ ይገባዋል፦ ምን ይሠራል? ሳይሰበር እንዴት ሊዋሽ ይችላል? ውሸቱ በምን ይታወቃል? በስሕተቱ የሚጎዳው በሽተኛ የትኛው ነው?

የመጀመሪያውን ጥያቄ መጻሕፍቱ በሚገባ መልሰዋል። የቀሩት ሦስቱ በየተቋሙ በሐኪሙ፣ በላቦራቶሪ ባለሙያውና በኃላፊው መካከል በሚደረግ ውይይት መመለስ ይችላሉ፤ ለዚህም አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። አጠራጣሪ ውጤት የደረሰው ሐኪም ወረቀቷን ይዞ ወደ ላቦራቶሪው መሄድ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያውም ስላይዱን እንደገና አብሮት ለማየት ፈቃደኛ መሆን ብቻ ይበቃል።